ውሃ ውስጥ ማን ጠራኝ?

እርጅና አይደለም ስላችሁ! ውሃም አልፈራም።

የልጅ ልጄ ዛሬ ከሱቆቹ መንገድ፣ ከበርገር ሽትራሰ፣ የውሃ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ገዝታልኝ መጣች። «ኦማ፣ ለኡርላውብ ባሕር አብረን እንገባለን» ትለኛለች በጀርመንኛዋ፤ ኦማ አያት፣ ኡርላውብ ዕረፍት መሆኑ ነው። ቱቦውን ሳየው የዱሮው ነገር ትዝ አለኝ።

በዘጠናዎቹ ነው። እናቷ፣ ማለት ልጄ፣ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ጽዳት ትሠራ ነበርና ርካሽ ቲኬት አግኝታ ኬንያ ወሰደችኝ። ዓሣው በጥበቃ የሚኖርበት ባሕር ነው፤ መንካት ክልክል፣ መመገብ ክልክል። ጠባቂው እኔ ላይ ያፈጣል፤ በጾም ዓሣ የማልነካዋ ሴትዮ ላይ!

ቱቦውን ነክሼ ፊቴን ውሃው ውስጥ ነከርኩ። ከራሴ ትንፋሽ በቀር ምንም አይሰማም። ድንገት ዓሦቹ ሁሉ ባንዴ ዞሩና ከኋላዬ የቆመ ነገር ያለ ይመስል ወደኔ አፈጠጡ።

«ብርዬ!» አለኝ አንድ ድምፅ።

ብርዬ የምትለኝ እናቴ ብቻ ነበረች። እሷን ደግሞ በእጄ ቀብሬያታለሁ።

የኛ ሰው ሲጠራ ዝም ይላል? «አቤት!» አልኩ። ቱቦው ወጣ፣ ውሃው ገባ። ልጄ በፀጉሬ ጎትታ ባታወጣኝ እዚያው ቀርቼ ነበር።

«አንቺ ነሽ የጠራሽኝ?» አልኳት፣ እያሳለኝ።

«እማዬ ደግሞ! እኔስ አፌ ውስጥ ቱቦ አልነበረም?»

የሚገርማችሁ፣ «የጠራሽን ሰው ሳታዪ አቤት እንዳትዪ» ብላ ያሳደገችኝ እናቴ ራሷ ናት። ታዲያ እሷ እንዲህ ታደርገኛለች? እሷ ካልሆነችስ ለዚያ ድምፅ ስሜን ማን ነገረው?

እናንተንስ እንዲህ ጠርቷችሁ ያውቃል? እስቲ ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልበድ።

ቆዩ፣ በር ላይ እየተጠራሁ ነው። አቤት አልልም፤ መጀመሪያ ሄጄ ልይ።