የተቀየረው ጉልበቴና የተቀየረው ቁጥር

ከአዳማ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ የአራት ዓመት ልጄን ብሌንን በአንድ እጄ፣ የሽሮና የበርበሬ ካርቶን በሌላው ይዤ። ታላቅ እህቴ ጥሩዬ የተሳፈርንበትን ሚኒባስ እስከ መናኸሪያው በር ድረስ ሮጣ ተከተለችው። ያን ጊዜ ሁለታችንም እንሮጥ ነበር።

እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ሥራ ያገኘሁት ፎርት ስኔሊንግ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ነው። መንገደኛው ከአውሮፕላኑ እንደወረደ ለጽዳት እንገባለን፤ ወንበር ለወንበር እየተንበረከክን ፍርፋሪና ማስቲካ እንፈቀፍቃለን። አሥራ አራት ዓመት ተንበረከክሁ። ለጸሎት እንኳ የዚያን ያህል አልተንበረከክሁም። በመጨረሻ ቀኝ ጉልበቴ አለቀ፤ አጥንት ካጥንት እየተፋጨ ነው፣ በሰው ሠራሽ እንቀይረው አሉኝ።

አለቃዬ ካሮልም ጉልበቷ አልቆ ነበር። ነጭ ናት፣ ደግ ሴት፤ ስለ ሕመሟ ማውራት ከጀመረች ማብቂያ የላትም። በአንድ ሐኪም፣ በአንድ ሳምንት ተሠራን።

ከሰርጀሪ ስነቃ፣ አጥሚት እጠብቅ ለነበርኩት ሴትዮ በረዶ የሞላው ኩባያና ጄሎ የሚሉትን የሚንቀጠቀጥ ቀይ ጣፋጭ አቀረቡልኝ። ቤቴ ሪችፊልድ ስገባም የሚጠይቀኝ ሰው የለም፤ ሁሉም ሺፍት ላይ ነው። ጉልበቴ እንደ ድንጋይ ደረቀ። ሊታጠፍልኝ አልቻለም።

በስድስተኛው ሳምንት አፖይንትመንት ነበረኝ። አስተርጓሚ በስልክ እንጥራልሽ ሲሉኝ፣ ልጄ እያለችልኝ ብዬ እምቢ አልኩ። ብሌን አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ ትማራለች፤ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ነርሷ ታብሌት ይዛ መጣች።

“ሕመምሽ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?”

“ዘጠኝ በያት” አልኳት ልጄን።

ብሌን በፈጣን እንግሊዝኛ ረጅም ነገር ተናገረች፤ የእኔ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ አልደረሰባትም። ነርሷ ፈገግ አለች፣ ታብሌቷን ነካ ነካ አደረገች።

“ደረጃ መውረድስ?”

“በቂጤ ነው የምወርደው በያት።”

ብሌን ፊቷ ቀላ። አሁንም ረጅም ነገር ተናገረች። ነርሷ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ “በጣም ጎበዝ ነሽ!” አለችኝ። በቂጤ ስለወረድኩ መሞገሴ ገርሞኝ ወጣሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ካሮልን ሥራ ቦታ አገኘኋት። እየተራመደች ነው። “ስድስት ነው ያልኳቸው፣ ትንሽም አለቀስኩ” አለችኝ። “ወዲያው በማደንዘዣ አስተኝተው የደረቀ ጉልበቴን በግድ እንዲታጠፍ አደረጉልኝ። ቴራፒውንም ጨመሩልኝ። አንቺንስ?”

እኔንማ ጎበዝ ነሽ ብለውኛል።

ደውዬ እንደሷ አድርጉልኝ አልኩ። ቀጠሮ እስኪሰጡኝ ወራት አለፉ፤ ያኔም ከብሌን ጋር ሄድኩ። ሐኪሙ ገባና ጉልበቴን ሳይነካ ኮምፒውተሩን አየ።

“ጊዜው አልፏል፤ ውስጡ ያለው ጠባሳ ጠንክሯል። ቀደም ብለሽ ብትነግሪን ጥሩ ነበር።”

“ነግሬያለሁ። ዘጠኝ ብያለሁ።”

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። አራት ይላል። ደረጃ መውረድ፦ መጠነኛ ችግር።

ብሌን መሬት መሬቱን ታያለች።

ሐኪሙ ሊያጽናናኝ መሰለኝ፣ “ጥቁር ታካሚዎቻችን ከቀዶ ጥገና በኋላም ብዙ ጊዜ ከነጮቹ የባሰ ሕመም ነው የሚነግሩን” አለ። “ስለዚህ ለአንቺ ይሄ ጥሩ ውጤት ነው።”

“ለካሮልስ ቢሆን?”

“ስለ ሌላ ታካሚ መናገር አልችልም” አለኝ በትሕትና። ከዚያ እያለቀ ያለውን ግራ ጉልበቴን መቼ መሠራት እንደምፈልግ ጠየቀኝ።

መኪና ውስጥ ገባን፤ ልጄ መሪው ጋ ተቀመጠች።

“ለምን?” አልኳት።

ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ መለሰችልኝ። “ማሚ፣ ዘጠኝ ስትዪ መድኃኒት ፈላጊ ሱሰኛ ናት ይላሉ። ጥቁር ነን። የጓደኛዬ እናት ላይ እንደዛ ጽፈውባታል፤ ከዛ በኋላ ማንም አላመናትም። አራት ካልኩ ያምኑሻል ብዬ ነው።”

“አመኑኝ” አልኳት።

ማለት አልነበረብኝም። መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ እኔም እጄን ዘርግቼ አላባበልኳትም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ከጉልበቴ ይልቅ ያ ነው።

ባለፈው እሑድ ጥሩዬ ደወለች። እሷም ጉልበቷ አልቋል፤ አዲስ አበባ አንድ የግል ሆስፒታል እንቀይርልሽ ብሏታል።

“አንቺ በይ ያልሽኝን ነው የማደርገው። ልሠራው ወይስ ይቅርብኝ?”

“ተሠሪው” አልኳት። “ብቻ አመመሽ ወይ ሲሉሽ ጩኺ። ደህና ነኝ እንዳትዪ።”

ሳቀች። “አንቺ ደግሞ! ሐኪም ላይ ይጮኻል እንዴ? ነውር አይደለም? ያንቺስ፣ በደንብ ዳነልሽ አይደል?”

“እሷን ጠይቂያት” ብዬ ስልኩን ለብሌን ሰጠኋት። ልጄ አየችኝ፣ ቀጥ ብሎ የተዘረጋውን እግሬንም አየች።

“ደህና ናት፣ እትዬ” አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። “በጣም ደህና ናት።”