ወንድሜን ልመልስ ባሕር ዳር ሄጄ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ታናሽ ወንድሜ ባሕር ዳር ወርዶ አትክልት እያለማ እዚያው ቀረ። እናታችን ስማዳ ላይ ብቻዋን ስታለቅስ ባይ፣ «ቆይ፣ እኔ አመጣልሻለሁ» ብዬ ከዚያው ከስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ ተነሣሁ፤ ግማሹን በበቅሎ፣ ግማሹን በጭነት መኪና።

ቤቱ እንደ ደረስሁ እንደ አገራችን ሽማግሌ ደጃፉ ላይ ቆምሁ። «ወደ እናትህ እመለሳለሁ ካላልኸኝ አልቀመጥም፤ እህልም አልቀምስ» አልሁት። ሽማግሌ የመጣበት ሳይፈጸምለት ከተቀመጠ ጉዳዩን ተወው ማለት ነው።

እሱ እቴ፣ ኩታውን አነሣና «መቀመጡን እምቢ ካልሽ ወጣ እንበላ፣ እታለም» አለኝ።

ሐይቁ ዳር ወሰደኝ። እንዲህ ያለ ውሃ አይቼ አላውቅ፤ ማዶ የለውም። የደንገል ታንኳ እንጨት ተሸክሞ ቀስ ብሎ ይመጣል። ነፋሱ የመንገዱን አቧራ ከላዬ ያራግፍልኛል። ሰዉ ከሥራ ወጥቶ ሳሩ ላይ ይጫወታል፤ የማላውቀው ሁሉ «እንደምን ዋሉ» ይለኛል።

«እታለም፣ ተቀመጥሽ እኮ» አለ ወንድሜ እየሳቀ።

እውነትም እግሬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ልነሣ አልሁና ተውሁት።

ሳቁን ተወና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቴን ምን ልትያት ነው?» አለኝ።

«ምንም አልላት፤ አንተ ደህና በቅሎ ፈልግ፣ እሷን አመጣታለሁ» አልሁት።