በአባቴ ሳንቃ ላይ የጎደለችው ቀዳዳ

ዛሬ ጎረቤላ ከተማ የአባቴን አሮጌ ቤት ስናፈርስ፣ አናጢው በጥይት የተበሳሳ ሳንቃ አንስቶ «ይሄማ ወንፊት ነው፤ ለማገዶ ይሁን» አለኝ።

ቀማሁት።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጠመንጃውን ቀለህ በገዛ እጁ ባሩድ እየሞላ ነበር አደን የሚወጣው። አዲስ ባሩድ ሲገባ ዝም ብሎ አያምነውም። መጀመሪያ ከአሮጌው፣ ቀጥሎ ከአዲሱ፣ ጎን ለጎን እዚህ ሳንቃ ላይ ይተኩሳል። ሁለቱ ቀዳዳዎች እኩል ከፍታ ላይ ካረፉ አዲሱ አለፈ ማለት ነው።

«ጠላም በየጋኑ ይለያያል፤ ሳይቀምሱ ለእንግዳ አይቀዱም» ይል ነበር። (ለራሱ ሲቀዳለት ግን ጋኑን ጠይቆ አያውቅም።)

ጥንድ ጥንዱን ቀዳዳ በጣቴ እየዳበስኩ ታች ስደርስ፣ የመጨረሻዋ ብቻዋን ናት። የአዲሱ ባሩድ ቀዳዳ የለችም።

እናቴን ጠየቅኳት።

«አንተ አራስ ልጅ ነበርክ» አለችኝ። «አንዱን ሲተኩስ በርግገህ አለቀስክ። ጠመንጃውን ሰቅሎ አንተን አቀፈህ። ሙከራውም በዚያው ቀረ።»

ሳንቃውን ደብረ ብርሃን ቤቴ ይዤው መጥቻለሁ። ሚስቴ «የት ልታደርገው ነው?» እያለች ነው።

እናንተስ፣ ለእናንተ ሲባል ሳያልቅ የቀረ ነገር ቤታችሁ ውስጥ አለ?