የእማማ ዘይነባ ኦሌድ

ሥራ የገባሁ ቀን ጋሽ አሰፋ ካቻቢቴ እንኳ አላስያዙኝም። ሱቃቸው መካነ ሰላም ገበያው ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ነበር፤ በሩ ላይ «ሬዲዮና ቴሌቪዥን እንጠግናለን» የሚል ቆርቆሮ ተሰቅሏል። ጠረጴዛው ላይ ጀርባው ሊከፈት የቀረበ ቦርጫም ቴሌቪዥን ተቀምጧል። መበየጃውን ላነሳ እጄን ስዘረጋ መዳፌን ቸብ አደረጉኝና፣ «መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል» አሉኝ።

ነቀልኩ።

«አሁን ቁጭ ብለህ ጠብቅ። ይሄ ሣጥን ከተነቀለም በኋላ በሆዱ የሚያስቀረው ኤሌክትሪክ አለ። ቸኩሎ እጁን የሰደደ ሰው ሁለተኛ አይቸኩልም።»

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ይኸው ነበር፤ መንቀልና መጠበቅ። እሳቸው አቧራውን በብሩሽ ሲያራግፉ፣ ሞካሪውን እዚህም እዚያም ሲያስነኩ፣ የተቃጠለውን ፊውዝ ሲቀይሩ እያየሁ መሸ።

ጋሽ አሰፋ ለደንበኛም የሚሉት ያንኑ ነበር። የኛ አገር መብራት ሲሄድ አይናገርም፤ ሲመለስ ደግሞ ተቆጥቶ ነው የሚመለሰው። ክረምት ከገባ መብረቁም አለ። ስለዚህ ዕቃውን ጠግነው ሲያስረክቡ፣ «ማታ ስትተኙ ሶኬቱን ንቀሉ» ይላሉ። እሳቸው ደክሟቸው ቤት ሲውሉ ሱቁ ለኔ ተላለፈ፤ አባባሉም አብሮ ተላለፈ። ስንቱን ሰው አሰልችቼ እንደሆነ እንጃ፣ ከተማው «ሙላት ንቀሉ» ብሎ ስም አወጣልኝ። ሰርግ ቤት ስገባ እንኳ አንዱ ተነስቶ፣ «ሙላት መጣ! ድምፅ ማጉያውን ንቀሉ!» ብሎ ሰዉን ያስቃል።

እውነቱን ለመናገር ስሙን እወደው ነበር። በመበየጃ ካዳንኩት ቴሌቪዥን በዚያች ቃል ያዳንኩት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ቦርጫሞቹ ቀርተው ስሱ ስክሪን ሲመጣ ከጥገናው ምክሩ በዛ። ሰው ሊገዛ ሲል መጀመሪያ ወደኔ ይመጣል። እኔም ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ የት ይቀመጣል? ማን ያየዋል? ምን ይታይበታል? አንድ ጊዜ ከወግዲ የመጣ ባለ ምግብ ቤት፣ «ከሁሉም ውዱን ንገረኝ፣ ጎረቤቴ ቅናት ይግደለው» አለኝ። የት እንደሚያስቀምጠው ጠየቅኩት። በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት፣ ከጥብሱ ምድጃ አጠገብ ነው። «ጎረቤትህ የሚቀናው ኳሱ ሲታይ ነው፤ ይሄ ርካሹ ይታያል» ብዬ በኤልሲዲ ሸኘሁት። ዛሬም ባገኘኝ ቁጥር ያመሰግነኛል።

ልዩነቱን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነበር የማስረዳው። ኤልሲዲ ከስክሪኑ ኋላ መብራት አለው፤ ምስሉ ከመብራቱ ፊት እንደተዘረጋ መጋረጃ ነው። ጥቁር ሲያሳይ እንኳ ከኋላ የሚሾልክ ብርሃን ስላለ ጥቁሩ ወደ አመድማ ይሄዳል። ኦሌድ ግን የኋላ መብራት የለውም። እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ትበራለች፣ ራሷ ትጠፋለች፤ ጥቁሩም እውነተኛ ጥቁር ነው። ይህን ሁሉ የማወራው ደሴ አንድ ሱቅ መስኮት ፊት ቆሜ ካየሁትና ከሰማሁት ነበር። አንድም ኦሌድ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ማፈር የነበረብኝ ያኔ ነው፤ አላፈርኩም።

እማማ ዘይነባ ከሱቄ ጀርባ ነው የሚኖሩት። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ያለቻቸው አንድ ልጃቸው ሰዓዳ ናት፤ እሷም ጅዳ በሰው ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን ደወለችልኝ።

«ጋሽ ሙላት፣ ለእማ ቲቪ ልገዛላት ነው። መካን እያየች ትዋል ብዬ። ርካሹ ኤልሲዲ ነው ወይስ ያ ኦሌድ የሚሉት የሚሻላት? እዚህ ማዳም ቤት ያለው ኦሌድ ነው።»

ቤቱን አውቀዋለሁ። በሩ ወደ ፀሐይ ነው፤ እማማ ዘይነባ እቤት እያሉ ደግሞ ያ በር ተዘግቶ አያውቅም። ዓይናቸውም ደክሟል። ሦስቱን ጥያቄ ለራሴ ባቀርብ መልሱ አፌ ላይ ነበር። ግን ያን ጥቁር በገዛ እጄ ማብራት አማረኝ። ወደ መካነ ሰላም የመጀመሪያውን ኦሌድ ያስገባው ሙላት ነው መባልም አማረኝ።

«ለእናት ከሆነማ ኦሌድ ነው እንጂ!» አልኳት።

«ዋጋው ግን ይራራቃል አሉኝ።»

«ጥሩ ነገር አንዴ ነው የሚገዛው፣ ሰዓዳ።»

ስልኩ ጭጭ አለ። የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ?» አልኩ።

«አለሁ፣ ጋሽ ሙላት። እሺ፣ የማሸጋሽገው ነገር አለ። ለእማ የምሰስተው የለኝም።»

ምን እንደምታሸጋሽግ አልጠየቅኳትም።

ደሴ ሄጄ ዕቃውን ተረከብኩ። ከአቀስታ ወዲህ ሚኒባሱ ሲያነጥረን ካርቶኑን እንደ አራስ ልጅ አቅፌ ነው የመጣሁት። ረዳቱ፣ «ጋሼ፣ ከላይ እንጫነውና ይረፉ» ቢለኝ፣ «አንተ ስለዚህ ዕቃ ምን ታውቃለህ?» ብዬ ተቆጣሁት። የማውቀው እኔ መሆኔ ነው እንግዲህ።

ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት፤ ከሪሲቨሩ ጋር አገናኘሁት። ከዚያ ጥቁሩን ላሳያቸው በሩንና መስኮቱን ዘጋሁ።

«ሙላት ልጄ፣ በሩ ምን አደረገህ?» አሉኝ እማማ ዘይነባ።

«ጥቁሩ የሚያምረው ሲጨልም ነው፣ እማማ።»

«ኧረ በአላህ ክፈተው! እንግዳ መጥቶ፣ ዘይነባ በሯን ዘግታለች ብሎ ይመለስ?»

ከፈትኩት። ፀሐይዋ ሰተት ብላ ገባች፤ ስክሪኑ ላይ በሩና ደጅ የሚጭሩት ዶሮዎች ወለል ብለው ታዩ፤ መካ ግን አልታየችም። ላቤን ጠረግሁና ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁት። አሁን ታየ። ስወጣ እንደ ልማዴ፣ «ማታ ሲተኙ ታዲያ ሶኬቱን ይንቀሉ» አልኳቸው።

«የከተማው ሕፃን የሚያውቀውን ለኔ ትነግረኛለህ?» ብለው ሳቁብኝ።

እማማ ዘይነባ የመካን ሐረም ሙሉ ቀን የሚያሳየውን ጣቢያ ከንጋት ሶላት ጀምረው እስኪተኙ ይከፍቱታል። ካዕባን የሚዞረውን ሕዝብ ቀርበው፣ ዓይናቸውን አጥብበው ያዩታል። «አይሰለችዎትም እማማ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሰዓዳ ያለችው እዚያው አገር አይደል? ለዑምራ መካ የሄደች ቀን በመሃል ብታልፍስ? ሳላያት ትለፍ?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ሲቆይ አስጠሩኝ። የስክሪኑ ግርጌ ላይ፣ ጣቢያው ቋሚ ጽሑፍ የሚያስቀምጥበት ቦታ፣ እንደ ጥላ ያለ ነገር ቀርቷል። ጥግ ላይም የጣቢያው ምልክት አለ። ሌላ ጣቢያ ቢከፈትም አይለቅም። ዲሹ ነው ብዬ ጣራ ላይ ወጣሁ። ኬብሉን ቀየርኩ፤ ሪሲቨሩን ቀየርኩ። በመጨረሻ ከፍላሽ ሙሉ ቀይ ምስል ከፈትኩበት። የዓረብኛው ጽሑፍ በቀዩ መሃል ተጽፎ እንደተተወ ሆኖ ወጣ።

በዚሁ መሃል ጎረቤታቸው እትዬ ሐሊማ ገቡ። አዩና አፋቸውን ያዙ።

«አጀብ! የመካው ጽሑፍ ከዘይነባ ቤት አልወጣም አለ! ይሄማ ካራማ ነው፣ የአላህ ተአምር፤ አይደል ሙላት?»

እኔ ነኝ የሚታመነው። «አይደለም፣ ስክሪኑ ተበላሽቶ ነው» ማለት ነበረብኝ። አንገቴን ደፍቼ ኬብል መጠቅለል ጀመርኩ። ያን ጊዜ ገና ጥፋቱ የኔ መሆኑን አላወቅሁም፤ ግን ጠርጥሬ ነበር፤ ካራማው ቢሸፍነኝ ደስ ባለኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

እትዬ ሐሊማ ሲወጡ እማማ ዘይነባ በሩ ድረስ በዓይናቸው ሸኟቸውና ወደኔ ዞሩ። «እኔ ካራማና ብልሽት እለያለሁ። ምን ሆኖ ነው?»

ደሴ ዕቃውን ለሸጠልኝ ነጋዴ የሚሠራ ባለሙያ ነበር፤ ደወልኩለት። ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ ያቀረበልኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ሶኬቱን ይነቅሉታል እንዴ?»

ከዚያ አስረዳኝ። የኦሌድ ነጥቦች ሲያበሩ ያረጃሉ፤ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ቀኑን ሙሉ፣ ያውም በሙሉ ብርሃን ከዋለባቸው ያ ቦታ ቶሎ ያረጃል። ዕቃው ይህን ስለሚያውቅ በሪሞት ከተዘጋ በኋላ፣ ሶኬቱ ላይ እንዳለ፣ ራሱን ያክማል። ሰው ሲተኛ ድካሙ እንደሚወጣለት ማለት ነው። በየማታው የሚነቀል ኦሌድ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይተኛ ይኖራል። «መብራት ካስፈራችሁ ስታብላይዘር ታደርጋላችሁ እንጂ ይነቀላል? ይህን የማያውቅ ሰው ለምን ለሌላ ያስገዛል?» አለኝ።

ለእማማ ዘይነባ ነገርኳቸው። «ታዲያ መንቀሌ ነው ያበላሸው?» አሉኝ።

«ንቀሉ ማለቴ ነው።»

«አብሽር። ዕቃ ነው። ለሰዓዳ ግን እንዳትነግራት። በሰው ወለል ላይ ተንበርክካ ያገኘችው ነው፤ ተበላሸ ስትባል ልቧ ይሰበራል።»

«እሺ» አልኩ። ለሰዓዳ ልብ ብቻ አስቤ አልነበረም። ንቀሉ ብሎ ያጠፋ እንዳልባል ለስሜም ነበር። ከሱቄ ኤልሲዲ ላመጣላቸው ብል አልፈቀዱም፤ ሰዓዳ በስልክ ስታያቸው የገዛችውን ከኋላቸው ማየት ትወዳለች። እኔም ከዚያ ወዲህ በዚያ በር ሳልፍ እርምጃዬን አፈጥን ጀመር። በሩ ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት ነው። «ሙላት ልጄ፣ ግባ እንጂ!» ይሉኛል። «እቸኩላለሁ» እላለሁ።

ሁለት ረመዳን አለፈ። ሰዓዳ ለዕረፍት መጣች። በማግስቱ ሱቄ ድረስ መጥታ፣ «ጋሽ ሙላት፣ እማ ቲቪውን በዳንቴል ሸፍናው መብራት የለም ትለኛለች። የጎረቤት ግን ይበራል። ኑና እዩልኝ» አለችኝ።

ገባን። እማማ ዘይነባ አዩኝና በዓይናቸው አደራ አሉኝ። ሰዓዳ ዳንቴሉን ገለጠች፣ ሶኬቱን ሰካች፣ ከፈተች። ሕዝቡ ካዕባን ይዞራል። ከግርጌ የዛሬው ጽሑፍ ሲወጣ የድሮው ከሥሩ ቆሞ ይታያል።

«ምን ሆኖ ነው?»

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉ እማማ ዘይነባ ቶሎ ብለው። «ቀኑን ሙሉ እየከፈትኩ ዓይኑን አጠፋሁት።»

«ምነው እማ? ቀኑን ሙሉ ምን ያደርግልሻል?»

«አንቺ ብታልፊ ብዬ ነዋ።»

ሰዓዳ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እናቲቱ ጥፋቴን ተሸክመው ልጃቸው ፊት እንደ ጥፋተኛ ልጅ ቆመዋል። እኔ፣ ከተማው የሚያምነኝ ባለሙያ፣ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እሳቸው አይደሉም፣ እኔ ነኝ» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። የማላውቀውን ዕቃ እንዳስገዛኋት፣ ያስገዛኋትም ለእናቷ ብዬ ሳይሆን እኔ ላየው ስለጓጓሁ መሆኑን፣ ብርሃኑን ጨርሼ እንደከፈትኩት፣ ንቀሉ እንዳልኩ። እትዬ ሐሊማ ካራማ ሲሉ ዝም ማለቴን ሳይቀር ነገርኳት።

ሰዓዳ አልጮኸችም። «ለእማ የሚሻላት የትኛው ነበር ታዲያ?» አለችኝ።

«ርካሹ።»

ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው። «ርካሹን ብትሉኝ ኖሮ ያን ዓመት እመጣ ነበር። ለትኬት ያስቀመጥኩትን ጨምሬ ነው የላክሁት። ከዚያ በኋላ ማዳም ፈቃድ የሰጠችኝ ገና አሁን ነው።»

እማማ ዘይነባ ይህን አያውቁም ነበር። ቀስ ብለው ወደ ስክሪኑ ዞሩ። ያን ሁሉ ጊዜ ልጃቸውን የፈለጉበት ቴሌቪዥን ልጃቸውን ያስቀረባቸው ቴሌቪዥን ነው። አየት አደረጉትና ወደኔ ተመለሱ።

«ንቀለው፣ ሙላት» አሉኝ። ልጄ አላሉኝም።

ነቀልኩት።

በማግስቱ ኤልሲዲ ወስጄ ሰቀልኩላቸው፤ ኦሌዱን ወደ ሱቄ አመጣሁት። ሰዓዳ ወደ ጅዳ ስትመለስ ሱቄ በር ላይ ቆም ብላ፣ «አፉ ብያለሁ፣ ጋሽ ሙላት» አለችኝ። እጇን ስጨብጥ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። እማማ ዘይነባ አሁንም በራቸው ክፍት ነው። ሳልፍ ሰላም ይሉኛል፤ ግባ ግን አይሉኝም።

ኦሌዱ ሱቄ ግድግዳ ላይ አለ። ሰው ይሸጣል ወይ ሲለኝ አይሸጥም እላለሁ። አሁንም ቴሌቪዥን ምረጥልኝ የሚለኝን ሁሉ የት ይቀመጣል፣ ማን ያየዋል፣ ምን ይታይበታል ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ በፊት ግን ገንዘቡ ለምን ተቀምጦ እንደነበር እጠይቃለሁ።