የአራተኛ ፎቅ ኮክ

ካዛንቺስ ሰፈሩ ፈርሶ ሰው ሁሉ ሶፋና ቁም ሳጥን ሲጭን፣ ወይዘሮ አስቻለች መጀመሪያ መኪናው ላይ ያስወጡት በግማሽ በርሜል የተተከሉ ሁለት ችግኞችን ነበር። የኮክና የፕሪም ድቅል ናቸው። ሠላሳ ዓመት በጸሐፊነት አገልግለው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ልባቸው ያለው እነሱ ላይ ነው።

ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ በገቡ በሳምንቱ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ በራቸውን አንኳኳ። ዳባ የሚባል ወጣት የባንክ ሠራተኛ ነው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በረንዳ ላይ ዛፍ አይቻልም።»

«የት ተጽፏል?»

ዳባ ደንቡን ከስልኩ አነበበላቸው። ከበረንዳው ብረት አልፎ የሚወጣ ነገር ክልክል ነው ይላል።

«እንግዲያው አያልፍም» አሉት።

«ማለቴ፣ ዛፍ እኮ ነው። ማደጉ ይቀራል?»

«ያድጋል። እኔ በፈቀድኩለት በኩል።»

በማግስቱ መቀሳቸውን በአልኮል ወልውለው ሁለቱንም ችግኞች ከጉልበታቸው ከፍ አድርገው ቆረጧቸው። ጎረቤታቸው ቢሊሴ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አየቻቸው።

«ኧረ እትዬ! ገደሏቸው እኮ!»

«ቆይ ዝም ብለሽ እይ።»

ከቁርጡ በታች ቀንበጥ ፈነዳ። ወደ ብረቱ የሚያመራውን ሁሉ ገና ለጋ ሳለ በጥፍራቸው ቀነጠሱት። በግራና በቀኝ የወጣውን ግን አስተኝተው፣ ግድግዳው ላይ በወጠሩት ሽቦ በጨርቅ ቁራጭ አሰሩት። አንዱን ቅርንጫፍ ዘግይተው ሲያጎብጡት ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ያን ቀን ምሳ አልቀመሱም። ማታ ግን ስብራቱን አስተካክለው ቆርጠው ከሥሩ ካለው እንቡጥ እንደገና ጀመሩ።

በሁለተኛው ዓመት ዛፎቹ እንደተዘረጋ መዳፍ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው አበቡ። ሰው ከታች እየቆመ ማየት ሲጀምር ዳባ ሜትር ይዞ መጣ። ለካ። ጎንበስ ብሎ ደግሞ ለካ። ከብረቱ እስከ ቅርብ ቅጠል ድረስ አንድ ክንድ ያህል ባዶ ነው።

«ቢሆንም እትዬ፣ ሌላውም ሰው ልትከል ይላል እኮ።»

«ይትከላ! መቁረጡን አስተምረዋለሁ። እያንዳንዱን በር አንኳኩቼ።»

ዳባ ሜትሩን ጠቅልሎ ወረደ። ወይዘሮ አስቻለችም በዚያው ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አዲስ ችግኝ የተተከለበት ሦስተኛ በርሜል ከቢሊሴ ጋር ተሸክመው ደረጃውን ወጡ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ የዳባ በር ፊት ለፊት አስቀምጠው ደህና አድርገው አረፉ።