ሃያ ሰባት ጊዜ «ገባችሁ?»

አዲሷ የሒሳብ መምህርት የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ የራስ መገምገሚያ ቅጹን ፊቷ ዘርግታ እስክሪብቶ ታኝካለች። ቅጹ ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ ምን ተሳካ? ምን አልተሳካም? ምን ይሻሻላል? ሲያዩት ቀላል ነው። ግን ቋሚ ሆና መቀጠሯ ወይም ቤት መቀመጧ የሚወሰነው በዚሁ ወረቀት ነው።

አምስት ወር ሙሉ፣ ቅጹን በየወሩ ስትሞላ፣ «ምን አልተሳካም?» በሚለው ሥር የጻፈችው አንድ ነገር ነው፤ «ተማሪዎቹ አያጠኑም»። እውነትም አንጀቷን አሳርረዋታል። ክፍልፋይ መደመር ሁለት ሳምንት አስተምራ፣ ግማሽና ሲሶ ደምሩ ብትላቸው ከሃምሳ ሁለቱ ሠላሳ ስምንቱ የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ደምረው «ሁለት አምስተኛ» ብለው ቁጭ አሉ። ግማሽ ላይ ተጨምሮበት ከግማሽ አነሰ! ይህን እንኳ የሚታዘብ አንድ ሰው ጠፋ።

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ክፍለ ጊዜውን የቀዳችው በንዴት ነው። የልጆቹን ስንፍና በማስረጃ ልትይዝ። ከሰዓት በኋላ ቤት ገብታ፣ ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቷ የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ ዚፕ ስትቀይር፣ ቅጂውን ከፈተችው።

«ገባችሁ?» ይላል የራሷ ድምፅ።

«አዎ!» ይላል ክፍሉ በአንድ አፍ።

የሒሳብ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ማንም ትንፋሽ ሳይሰበስብ መልሱን ራሷው ትናገራለች። «ገባችሁ?» «አዎ!» ደግሞ «ገባችሁ?»

እህቷ መርገጫውን አቆመች። «አንቺ፣ ሌላ ቃል አታውቂም እንዴ? ሃያ ሰባት ጊዜ አልሽ እኮ!»

«ቆጠርሽ?»

«ምን ላድርግ፣ አደነቆርሽኝ! እኔ ደንበኛዬን ‹ልክሽ ነው?› ብዬ አልጠይቅም። አፍራ ‹አዎ› ትለኝና ነገ ይዛው ትመለሳለች። ልበሺውና እጅሽን ወደ ላይ አንሺ ነው የምላት።»

መምህርቷ ተናደደች፤ በእህቷ፣ በልጆቹ፣ ከሁሉም በላይ በዚያ በሚያዋክበው የራሷ ድምፅ። ንዴቷ ሳይበርድ ቅጹን ሞላችው። «አልተሳካም፦ እየጠየቅሁ ራሴ እመልሳለሁ፤ ‹አዎ› ሲሉኝ አምኜ አልፋለሁ። ይሻሻላል፦ ‹ገባችሁ?› ማለት ትቼ፣ ሠርታችሁ አሳዩኝ እላለሁ።» በዚያ ቅጽ ላይ እውነቱን ስትጽፍ የመጀመሪያዋ ነበር።

በማግስቱ የትምህርት ክፍል ኃላፊው፣ መምህራኑ ከጀርባቸው «ቀይ እስክሪብቶ» የሚሏቸው ሰውዬ፣ ቢሯቸው ጠርተዋት ያስረከበችውን ቅጽ ወደ እሷ ገፉት።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው? ራስሽ ላይ ምስክር ሆነሽ ቀረብሽ እኮ!»

«ራሳችሁን ገምግሙ ስላሉን ነው…»

«እንዲህ አይደለማ! የሚያጸድቁት ሰዎች አንቺን አያውቁሽም፤ የሚያዩት ወረቀቱን ነው። ‹አልተሳካም› የሚለው ጋ የጠመኔ እጥረት በዪ።» ከመሳቢያቸው ባዶ ቅጽ መዘዙ።

«ልጆቹ ግን እኮ…»

«ልጆቹ የትም አይሄዱም። መጀመሪያ ቋሚ ሁኚ፣ ከዚያ እንደልብሽ ታሻሽያለሽ። አንድም ቦታ ባዶ እንዳትተዪ። ቀኑን የዛሬ አድርጊና ፈርሚ። ገባሽ?»

ምንም አልገባትም፤ ጥፋቱ የጠመኔ ከሆነ «ምን ይሻሻላል?» ሥር ምን ይጻፋል? ልትጠይቃቸው አፏን ከፈተች፤ እሳቸው ግን ሰዓታቸውን አይተው ወደሚቀጥለው ወረቀት ዞረዋል።

«አዎ» አለች፣ ልክ ልጆቹ በሚሉበት ድምፅ።