ሜትር ከሃያ ያለፈው ጽድ

ሂልዳን በቅርብ የማያውቅ ሰው ክፉ ናት ይላል። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ግድግዳ ተጋርቼ የኖርኩት ጎረቤቷ እንኳ አንዳንድ ቀን እንዲያ እላለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት ማዕድ ቤት ውስጥ ጭልፋ ይዛ የቆመች ሴት ናት፤ ካሮቱን ዘሎ ኬኩን የሚያነሳ ልጅ ካየች በዓይኗ ብቻ ታስመልሰው ነበር። ዛሬ ራሰ በራ የሆኑ ጎልማሶች ሳይቀሩ ሱቅ ውስጥ ሲያገኟት ቀጥ ብለው ይቆማሉ።

ባሏ ዊልፍ ሌላ ሰው ነበር። ግንበኛ ነው፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ ሲባጎ ከኪሱ አይጠፋም። መንገዳችን ስምንት ቤት ብቻ ያለው፣ ጫፉ ድፍን የሆነ መንገድ ነው። ከስምንቱ የአምስቱን የፊት አጥር የገነባው ዊልፍ ሲሆን የራሱ አጥር ግን ጽድ ነበር። በየዓመቱ ነሐሴ መጨረሻ፣ ጎጆ የሠሩበት ወፎች ጫጩቶቻቸውን አብርረው ሲያበቁ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ይወጥርና ይከረክመዋል። ቁመቱ ሜትር ከሃያ፣ እስከ ደረቱ። ቤቶቹ ሲሸጡ በፈረምነው ውል ላይም የፊት አጥር ከዚያ እንዳያልፍ ተጽፏል፤ ዊልፍ ግን የሚያስበው ስለ ውሉ አልነበረም።

«ከዚህ ከፍ ካለ ክርኔን የት ላሳርፍ?» ይለኝ ነበር።

እውነቱን ነው። ያንን ጽድ ተደግፎ ያላናገረው መንገደኛ የለም።

ከዚያ አንድ ዓመት ሲባጎው ሳይወጠር ነሐሴ አለፈ። በሁለተኛውም ዓመት እንደዚያው። ጽዱ እንደ ልቡ አደገና የሂልዳን መስኮት ዋጠው። ዊልፍም ከዓይናችን ጠፋ። ስንጠይቃት አንዴ «ጉንፋን ይዞታል»፣ አንዴ «ጉልበቱን አሞታል» ትለናለች። እኛም «በይ ሰላም በይልን» ብለን እናልፋለን። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚያስነጥስ ሰው ይኖራል ብለን አምነን ይሁን፣ በሰው ቤት መግባት ነውር መስሎን፣ እንጃ። በሩን ያንኳኳ አንድ ሰው አልነበረም።

ነገሩን የጀመረው ዴስሞንድ ነው፣ በሂልዳ ቀኝ ያለው ጎረቤት። የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበር። የከተማውን ግማሽ ጥሏል፣ እኔን ሁለቴ። በበሯ የደብዳቤ ቀዳዳ የመጀመሪያውን ወረቀት ሲያስገባ አንደበቱ ማር ነበር፦ «ውድ ወይዘሮ ሂልዳ፣ ጊዜ ሲያገኙ ጽድዎን ቢያስከረክሙ ደስታዬ ወሰን የለውም።» ሁለተኛው ወረቀት ላይ «ውድ» የለም። ሦስተኛው ላይ የውሉ አንቀጽ ተገልብጧል። ሂልዳ መልስ ብላ የጻፈችው አንድ ካርቶን ላይ ነው፤ ጽዱ ላይ አንጠለጠለችው፦ «ወፍ ታቅፋለች። አትንኩ።»

በወፍ ላይ ደግሞ ማን ይከራከራል? እኛ ጋ ሰው ከአጥሩ ባለቤት ጋር ይጣላል እንጂ እንቁላል ካለበት አጥር ላይ መቀስ አያሳርፍም። ዴስሞንድ ካርቶኑን አንብቦ ጥርሱን ነክሶ ተመለሰ።

ሰኔ ላይ መኪናውን ወደ ኋላ ሲያወጣ ጽዱ ጋርዶት ፖስታ አመላላሿን ከነብስክሌቷ ሊጨፈልቃት ሲል ለጥቂት ተረፈች። ጩኸቷ ጓዳዬ ድረስ ተሰማኝ። በሳምንቱ ዴስሞንድ የቅሬታ ደብዳቤ ይዞ ቤት ለቤት ዞረ፤ ወፎቹ እንደወጡ ጽዱ ሜትር ከሃያ ላይ ይቆረጥ፣ ባለቤቷ እምቢ ካለች እኛው እንቁረጠው የሚል። ደጄ ላይ ቆሞ «አንቺም አይተሻል እኮ፣ ሴትዮዋ ልትሞት ነበር» ሲለኝ ጠብ ፈርቼ ፈረምኩ። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው።

ደብዳቤው በደረሳት ቀን ሂልዳ በጓሮ በር መጣችብኝ። አተር እየፈለፈልኩ ነበር። ወረቀቱን ጎድጓዳው ሳህን ላይ ጣለችው።

«አራተኛዋ ፈራሚ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«ሂልዳ፣ እኔ እኮ…»

«ተነሺ። ነይ ላሳይሽ።»

ተከትያት ሄድኩ። ከጽዱ ጀርባ፣ ፀሐይ ላይ፣ ዊልፍ በሌሊት ልብሱ ተንበርክኮ የአበባ መደቡን ድንጋዮች ይደረድራል። አንዱን ያስቀምጣል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይለካል፣ ያነሳዋል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ሲባጎው እጁ ላይ ተጠምጥሟል። ቀና ብሎ አየኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት የሚያውቀኝ ሰው፣ አላወቀኝም።

«ይቺ ማናት?»

«አይሪስ ናት፣ ጎረቤታችን» አለችው ሂልዳ። ድምፅዋ እንደዚያ ለስልሶ ሰምቼው አላውቅም።

«ጡቡን አምጥታለች?»

«ነገ ታመጣለች።»

«ነገ፣ ነገ! ሥራ እየቆመ!» ብሎ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።

ሂልዳ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «እህቴን ታስታውሻታለሽ? እንደሱ ነበረች። ጎረቤቷ አንድ ቀን በሌሊት ልብስ መንገድ ላይ አየቻትና ለእሷው አዝና ለሚመለከታቸው ደወለች። በሳምንቱ መኪና መጥቶ ወደ አረጋውያን ማቆያ ወሰዷት። በሁለት ወሯ ቀበርናት። ዊልፍን ማንም አይወስድብኝም፣ አይሪስ። ይሄ ጽድ እስካለ ማንም አያየውም። ጽድ ደግሞ አንዴ ከደረቁ እንጨት ከተቆረጠ ዳግመኛ አያቆጠቁጥም።»

«ለዴስሞንድ ብንነግረው እኮ…»

«ለማንም! ማይልኝ!»

ማልኩላት። ምን በወጣኝ ማልኩላት።

በማግስቱ ዴስሞንድ ዘንድ ሄድኩ። «ያንን ነገር ተወው፣ ስሜንም አውጣው» አልኩት።

መኪናውን እያጠበ ነበር። ስፖንጁን አስቀመጠና «ምን ተገኘ?» አለኝ።

«እንዲያው ይቅርብህ።»

«እንዲያው? ሰው ልገድል ነበር እኮ! ስንዝር ነው የቀራት። አርባ ዓመት ሰው መንዳት አይችልም እያልኩ ስጥል ኖሬ አሁን የራሴን መኪና ከራሴ በር ሳወጣ ሦስቴ ወርጄ መንገዱን አያለሁ። ምክንያት ካለ ንገሪኝና አሁኑኑ እተወዋለሁ።»

መሐላዬን አስቤ ስፖንጁን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

«ይኸውልሽ» አለኝ፣ «ምክንያትም የላት። ወፎቹ ሲወጡ ጽዱም ይወርዳል።»

ያንን ነሐሴ አልረሳውም። ዴስሞንድ ጠዋት ጠዋት ሻዩን ይዞ መስኮቱ ላይ ቆሞ ወፎቹን ይቆጥራል። ሂልዳ በበኩሏ እንዳይሄዱባት በጽዱ ሥር ዳቦ ትበትናለች። በፊት አንድ ፍርፋሪ መሬት ላይ ካየች ሰፈሩን የምታናውጥ ሴት! እኔ መካከል ላይ ሆኜ እንቅልፍ አጣሁ። ልንገረው ብዬ እነሳለሁ፣ መሐላዬ ትዝ ይለኛል፣ እቀመጣለሁ። በወሩ መጨረሻ አንድ ቀን ጽዱ ጭጭ አለ። ያን ዕለት ሂልዳ ካርቶኑን ለማውረድ እንኳ አልወጣችም።

በተከታዩ ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ዴስሞንድ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን መከርከሚያ ይዞ፣ ገመዱን ከቤቱ እየጎተተ መጣ። ሂልዳ የአጥሩ በር ላይ ሽርጧን እንደታጠቀች ቆማለች። ሁለት ሦስት ጎረቤት በየበሩ ብቅ አለ። እኔም ወጣሁ።

«ወይዘሮ ሂልዳ፣ እባክዎ ገለል ይበሉልኝ» አላት።

«ገና ወፍ አለ።»

«የለም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አይቻለሁ። አንድ ላባ የለም።»

«አንተ ከዚህ አጥር ላይ እጅህን ታነሳለህ!» አለችው። በሕይወቷ እርስዎ ሳትል ጠርታው አታውቅም፤ ዴስሞንድ ፊቱ ቀላ።

«ከራሴ በኩል መቁረጥ መብቴ ነው። እዚያ ጋ ነው የምጀምረው። ከፈለጉ ማዘጋጃ ቤት ይክሰሱኝ!»

«ቆይ፣ ዴስሞንድ!» ብዬ ጮህኩ። ሂልዳ ዞር ብላ አየችኝ። ያ የማዕድ ቤት ዓይኗ ነው፤ የቀረውን ቃል ዋጥኩት።

መከርከሚያው ተነሳና አገሩን በጩኸት ሞላው። ከዴስሞንድ በር በኩል ያለው የጽዱ ጫፍ እየተገነደሰ አስፋልቱ ላይ ይወድቅ ጀመር። አንድ ሜትር፣ ሁለት ሜትር። አረንጓዴው ከላይ ሲነሳ ውስጡ ቡናማና ደረቅ ነው። ሂልዳ ወደ ዊልፍ ልትሮጥ ዞረች፤ ግን አልደረሰችም።

በተከፈተው በኩል የዊልፍ ራስ ታየ። ሽበቱ ተንጨባሯል፣ የሌሊት ልብሱ ቁልፍ አንዱ ባንዱ ቀዳዳ ተቆልፏል። ዴስሞንድ ክው አለ። መከርከሚያው እጁ ላይ ጠፋ፤ እሱ ያጥፋው ራሱ ይጥፋ አላወቅኩም።

ዊልፍ የተቆረጠውን ጽድ በመዳፉ ዳበሰው። ፊቱ ተቆጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ። «ማነው ያለ ሲባጎ የቆረጠው?»



«አንተን እኮ ነው፣ አንተ ልጅ! ይሄ ወደ ግራ ሄዷል። ዕውር እንኳ ያየዋል። ያለ ሲባጎ ሥራ ብሎ ነገር ማን አስተማረህ?»

ዴስሞንድ ስድሳ አራት ዓመቱ ነው። ሂልዳን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ዊልፍን አየ። ሁሉም ነገር በአንዴ ገባው፤ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት።

«አጥፍቻለሁ፣ ጌታዬ» አለ።

«ጥፋትማ ጥፋት ነው። በል ያዝ!» ዊልፍ ከእጁ ላይ ሲባጎውን ፈትቶ ጫፉን በጽዱ ላይ አቀበለው። ሁለት ዓመት ያለሥራ የጠመጠመው ያ ሲባጎ ነው። «ጠበቅ አድርገህ! እንዳይላላ!»

«በቃ፣ አሁን አያችሁት አይደል?» አለች ሂልዳ። መጀመሪያ ቀስ ብላ ነበር፣ ቀጥሎ ለመንገዱ ሁሉ ጮኸች። «ጠገባችሁ? ማናችሁ ናችሁ የምትደውሉት? ስልክ አላችሁ አይደል፣ ግቡና ደውሉ!»

በየበሩ የቆመው ሰው አንገቱን ደፋ። ዴስሞንድ አንድ ነገር ሊላት አፉን ሲከፍት ዊልፍ ቀደመው።

«ዝም በይ አንቺ ሴት፣ እየለካሁ ነው!»

ከዚያ ዊልፍ የሲባጎውን ሌላ ጫፍ ይዞ አጥሩን ተከትሎ እያዘገመ እስከ በሩ ቋሚ ሄደ። ሁላችንም የት ላይ እንደሚያስረው ቆመን እናያለን። ሂልዳ በዓይኗ «ከፍ አድርገው፣ ከፍ አድርገው» ትለዋለች። እሱ ግን ክርኑን አጥፎ በአየሩ ላይ አሳረፈ፣ ከክርኑ ሥር ለካና እዚያው ላይ አሰረው። ሜትር ከሃያ ነበር፤ በኋላ ዴስሞንድ በሜትር ሲለካው አንድ ጣት እንኳ አልተዛነፈም።

እስከ ቀትር ቆረጡት። ዴስሞንድ ይከረክማል፣ ዊልፍ ከወዲያ ሆኖ ያዝዛል፣ ይሰድባል። እኔ ቅርንጫፉን ሰበሰብኩ። ሂልዳ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አየችን። ሲጨርሱ አጥሩ ከላይ ቡናማ ጠባሳ ሆኖ ቀረ፤ ዊልፍ ግን ሁለቱን ክርኖቹን ዘረጋበትና መንገዱን ማየት ጀመረ።

ሰኞ ፖስታ አመላላሿ ብስክሌቷን እየገፋች መጣች። ዊልፍ እንደ ቅዳሜው አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

«እንዴት አደርሽ፣ የኔ ቆንጆ» አላት።

«እንዴት አደሩ! ጠፍተው ከረሙ እኮ!»

«ሥራ በዝቶብኝ» አለ ዊልፍ። ደብዳቤዎቹን ወደ በሩ ቀዳዳ ሳትሄድ እጁ ላይ ሰጠችው። እሱም እንደ ትልቅ ሰው ተቀበላት።

ሂልዳና እኔ መስኮቱ ጋ ቆመን ነበር። እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ።

«ሁለት ዓመት፣ አይሪስ» አለችኝ። «ድንጋይ የሚደረድረው አእምሮው ስለሄደ ብቻ መስሎኝ። ለካ ሰው ናፍቆት ነው። እኔ ነኝ የደበቅኩት።»

ማንም አልደወለም። ዊልፍ እስከ የካቲት ድረስ በራሱ አልጋ ተኝቶ በራሱ አጥር ተደግፎ ኖረ፤ የሞተውም እቤቱ ነው። አሁን በየነሐሴው ሲባጎውን የሚወጥረው ዴስሞንድ ነው፤ አንዱን ጫፍ ሂልዳ ትይዝለታለች።

ፊርማዬ ያለበት ወረቀት መሳቢያዋ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ ማንኪያ ስፈልግ አይቼዋለሁ። አንድ ቀን ደፍሬ ይቅርታ አድርጋልኝ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ለዴስሞንድ ብትነግሪው ኖሮ አልምርሽም ነበር» አለችኝ ድንች እየላጠች። «ስላልነገርሽው ደግሞ ገና እያሰብኩበት ነው።»